ሮም ለሰርግ ለምትመጪው ልጄ

ልጄ፣ የሰርግ መጥሪያው እንደደረሰሽና ቪዛሽን እየጠበቅሽ እንደሆነ ሰማሁ። እሰየው! ሮም ሰርግ የሚያምርባት ከተማ ናት። ግን አንድ ነገር አስቀድመሽ እወቂልኝ፤ እዚህ የእኛ ሰው ሲደግስ አገር ቤት እንደለመድሽው አይደለም። ድንኳን የሚተክል ጎረቤት፣ ድስትና ወንበር የሚያመጣ ዕድር የለም። ሙሽሪት እስከ ሰርጉ ዋዜማ ሥራ ትገባለች። እናቷም ቀኑን ሙሉ የሰው አዛውንት ስትጦር ውላ ሽንኩርቱን የምትከትፈው ማታ ነው። እንግዲህ ለዚህ ቤት ከምታመጪው ስጦታ ሁሉ የሚበልጠው አለማስቸገርሽ ነው። ራስሽን ችለሽ ግቢ፣ ከተማውን ራስሽን ችለሽ እዪ፣ በሰርጉ ቀን ደግሞ በሰዓቱ ተገኚ። ልብሽ መልካም ነው፤ መዘንጋት ግን ታበዢያለሽ። ስለዚህ እየቆጠርኩ ልንገርሽ። ዓመቶቹን የምጠራልሽ በአውሮፓ አቆጣጠር ነው።

1. ቅቤ ይዘሽ አትምጪ። ቋንጣም፣ አይብም፣ ተሠርቶ የቀዘቀዘ ዶሮ ወጥም አትያዢ። የአውሮፓ ኅብረት መንገደኛ ከውጭ ሥጋና የወተት ውጤት ይዞ እንዲገባ አይፈቅድም፤ ጉምሩክ ካገኘው ይወርሰዋል፣ ቅጣትም ሊከተል ይችላል። እናትሽ «ለሙሽሪት እናት ትንሽ የሸኖ ለጋ» ብላ በላስቲክ ጠቅልላ ስትሰጥሽ እምቢ ማለት እንደሚከብድሽ አውቃለሁ። ቢከብድሽም እምቢ በይ። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ኮረሪማ፣ ጥቁር አዝሙድ ያዢ፤ ማርም እስከ 2 ኪሎ ይፈቀዳል። ከሁሉ በላይ ኮሰረት አምጪልን። ቅቤውንማ እዚሁ ጨው የሌለበትን ገዝተን እናነጥረዋለን፤ የሚቸግረን ማጣፈጫው ነው።

2. ሰነድሽን ከሻንጣ ጋር አትጫኚ፤ በእጅሽ ይሁን። የመጥሪያ ደብዳቤው፣ የጉዞ ኢንሹራንሱ (ለሼንገን ቪዛ ቢያንስ የ30,000 ዩሮ ሽፋን ያለው ነው የሚጠየቀው)፣ የመመለሻ ትኬቱና የምታርፊበት ቤት አድራሻ በወረቀት ታትመው ይያዙ። ቪዛ ቢኖርሽም የድንበር ፖሊሱ እንደገና የመጠየቅ መብት አለው፤ ስልክሽ ደግሞ ባትሪ የሚጨርሰው ያን ጊዜ ነው። ዘመድ ቤት የምታርፊ ከሆነ በገባሽበት ቀን ማንም ሳይጠይቅሽ ፓስፖርትሽን ለቤቱ ባለቤት ስጪ። የጣሊያን ሕግ የውጭ አገር ሰው ያሳደረ ሰው በ48 ሰዓት ውስጥ ለፖሊስ እንዲያስታውቅ ያስገድዳል። አክስትሽ አፍራ ፓስፖርትሽን ሳትጠይቅሽ ብትቀር የምትቀጣው እሷ ናት። ሆቴል ካረፍሽ ይህን ራሳቸው ይጨርሱታል፤ የከተማው የማደሪያ ግብር ግን በአዳር እየተሰላ ከክፍሉ ዋጋ ውጭ ስለሚጠየቅ አትደንግጪ።

3. «ኤርፖርት ማን ይቀበለኛል?» ብለሽ አትደውዪ። የሰርጉ ሳምንት ላይ መኪና ያለው ሰው ሁሉ አዳራሽና ገበያ ሲመላለስ ነው የሚውለው። ከፊውሚቺኖ ኤርፖርት ሌዮናርዶ ኤክስፕረስ የሚባለው ባቡር መንገድ ላይ ሳይቆም በ32 ደቂቃ ቴርሚኒ፣ ማለትም ዋናው የባቡር ጣቢያ ያደርስሻል፤ ዋጋው 14 ዩሮ ነው። ማረፊያሽ በትራስቴቬሬ፣ በኦስቲየንሴ ወይም በቲቡርቲና በኩል ከሆነ ግን ኤፍኤል 1 የሚባለው ተራ ባቡር ይሻልሻል፤ 8 ዩሮ ነው፣ ቴርሚኒ ግን አይገባም። ሻንጣሽ ከበዛ ነጩን የከተማ ታክሲ ያዢ። ከኤርፖርት እስከ አሮጌው የከተማ ቅጥር ውስጥ ድረስ ማዘጋጃ ቤቱ የቆረጠው አንድ ዋጋ አለው። በሩ ላይ ቆሞ «ታክሲ፣ ታክሲ» እያለ የሚከተልሽን ሰው ግን ቀና ብለሽም አትዪው። እውነተኛው ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሞ ይጠብቅሻል እንጂ አይከተልሽም።

4. ሰዓቱን ሁለት ጊዜ አንብቢ። ካርዱ ላይ 15፡00 ካለ በእኛ ከቀኑ 9 ሰዓት ማለት ነው፤ 9፡00 ካለ ግን ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። ይህችን ትንሽ ነገር አሳስቶ ኬክ ሊቆረጥ ሲል የደረሰ እንግዳ አይቻለሁ። ተክሊል ከሆነ ከቅዳሴ ጋር ስለሚሆን በማለዳ ተነሺ። የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ከሆነ ደግሞ ለእያንዳንዱ ጥንዶች የተሰጠው ጊዜ አጭር ነው፤ የሚቀጥሉት ሙሽሮች ከነቤተሰባቸው በሩ ላይ ቆመዋል። «የሐበሻ ቀጠሮ» እያልሽ የምትስቂበት ነገር እዚህ አያስቅም።

5. ባለ ቀጭን ተረከዝ ጫማሽን በቦርሳ ያዢው፣ በእግርሽ ጠፍጣፋ አድርጊ። የመሐል ሮም መንገድ በትናንሽ ጥቁር ድንጋይ የተነጠፈ ነው፤ በድንጋዮቹ መካከል ያለው ክፍተት ተረከዝ ይነክሳል። የሐበሻ ቀሚስሽንም ጫፉን ከፍ አድርገሽ አሰፊው። ጥለቱ መንገድ ከጠረገ በኋላ አዳራሽ መግባት ደስ አይልም።

6. ነጠላሽን ከእጅሽ አትለዪ። ቅዱስ ጴጥሮስም ሆነ ሌሎቹ ታላላቅ ቤተ ክርስቲያናት ትከሻና ጉልበት የተገለጠበትን ሰው ከበር ይመልሳሉ። ፈረንጆቹ በር ላይ ቆመው ሻርፕ ሲገዙ አንቺ ነጠላሽን ጣል አድርገሽ ትገቢያለሽ። ቅዱስ ጴጥሮስ መግቢያው በነፃ ነው፤ የሚከፈልበት የቫቲካን ሙዚየሙ ነው፤ እሱም ከወሩ የመጨረሻ እሑድ በቀር እሑድ እሑድ ዝግ ነው። ሰርጉ ቅዳሜ ሆኖ «እሑድ እሄዳለሁ» ብለሽ እንዳትሞኚ። ኮሎሲየም ደግሞ ትኬቱ በስም ስለሚቆረጥ አስቀድመሽ ግዢ፣ መታወቂያሽንም ያዢ። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

7. ከመብላትሽ በፊት ጠይቂ። ይህን ጠንከር አድርጌ የምነግርሽ ብዙ ልጆቻችን ሳያውቁ ስለሚበሉ ነው። ሮማውያን ከሚኮሩባቸው አራት የፓስታ ዓይነቶች ሦስቱ፣ ካርቦናራ፣ አማትሪቻናና ግሪቻ፣ የአሳማ ጉንጭ ሥጋ አለባቸው። አራተኛው ካቾ ኤ ፔፔ ነው፤ የበግ ወተት አይብና ቁንዶ በርበሬ ብቻ። በተራራው በኩል አሪቻ ወደሚባለው ከተማ ቢወስዱሽ ስሙን ያስጠራው ምግብ የአሳማ ጥብስ እንደሆነ እወቂ። ሥጋ ካማረሽ በፖርቲኮ ዶታቪያ ዙሪያ ያለው የአይሁድ ሰፈር ለእኛ ሰው ይመቻል፤ «ኮሸር» የሚል ምልክት ባለበት ቤት አሳማ የሚባል ነገር አይገባም። እዚያ አርቲቾክ የሚባለውን አትክልት እንደ አበባ ከፍተው በዘይት ይጠብሱታል፤ እሱን ሳትቀምሺ አትመለሺ።

ረቡዕና ዓርብስ? የጾም ምግብ እንደ ሮም የሞላበት የአውሮፓ ከተማ አላየሁም፤ የሚያሳዝነው እንግዶቻችን ሳያውቁ ሙዝና ዳቦ ሲበሉ መዋላቸው ነው። ፒዛ ማሪናራ ብዪ፤ ቲማቲም፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ኦሬጋኖና ዘይት እንጂ አይብ የለበትም። ስፓጌቲ አልዮ ኤ ኦልዮ በነጭ ሽንኩርት፣ በዘይትና በሚጥሚጣ መሰል ቃሪያ የሚሠራ ነው። ቺኮሪያ የሚሉት ደግሞ ተቀቅሎ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ቅጠል ነው፤ ጎመን የናፈቀው ሰው ሁለት ሳህን ያዛል። አስተናጋጁ አይብ ሊነሰንስብሽ ሲመጣ «ሴንዛ ፎርማጆ» በዪው፣ ያለ አይብ ማለትሽ ነው። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር ለንስሐ አባትሽ ተዪው፤ እኔ አልገባበትም።

8. ቡናሽን ቆመሽ ጠጪ። ባንኮኒው ጋ ቆመሽ የምትጠጪው ማኪያቶና ወንበር ስበሽ የምትጠጪው አንድ ዓይነት ሆኖ ሳለ ዋጋው አንድ አይደለም፤ በታዋቂ አደባባይ ላይ ከሆነማ ልዩነቱ ያስደነግጥሻል። በብዙ ቤት መጀመሪያ ሒሳብ ከፍለሽ ደረሰኙን ይዘሽ ነው የምታዢው። ከምሳ በኋላ ካፑቺኖ ብታዢ ማንም አይከለክልሽም፤ ፊታቸውን ግን ታያለሽ።

9. የውሃ መያዣ ጠርሙስ ያዢ። የእኛ ሰርግ ጾም ስለሚጠብቅ እዚህ ብዙ ጊዜ የሚውለው ከሐዋርያት ጾም ፍቺ እስከ ፍልሰታ መግቢያ ባለው ጊዜ ነው፤ ያ ደግሞ ሮም የምትግልበት ወራት ነው። በየመንገዱ ዳር ከብረት የተሠሩ፣ አፍንጫ የመሰለ ቧንቧ ያላቸው አጫጭር ምሰሶዎች ታያለሽ። ኅብረተሰቡ ከ1870ዎቹ ጀምሮ የሚጠጣባቸው ናቸው፤ ከተማው ውስጥ ወደ 2,500 ይጠጋሉ። ውሃው ንጹሕና ቀዝቃዛ ነው፣ ሌት ተቀን ይፈሳል፣ ገንዘብ አይከፈልበትም። የቧንቧውን አፍ በጣትሽ ብትደፍኚው ከላይ ባለው ቀዳዳ ውሃው ወደ ላይ ይነሣልሻል፤ ጎንበስ ሳትዪ ትጠጫለሽ። በኦገስት አጋማሽ ከመጣሽ ደግሞ ኦገስት 15 ለጣሊያኖች ትልቅ በዓል ስለሆነ ሱቁም ምግብ ቤቱም ብዙው ዝግ መሆኑን አስቢበት።

10. አውቶቡስ ስትሳፈሪ ትኬትሽን ማሽኑ ላይ አስመቺ። መግዛት ብቻ አይበቃም፤ ያልተመታ ትኬት እንደሌለ ይቆጠራል፣ ተቆጣጣሪው «አላወቅሁም» ሲባል መስማት ሰልችቶታል። የ1.50 ዩሮዋ ትኬት ለ100 ደቂቃ ታገለግላለች፤ ሜትሮ ግን በእሷ የምትገቢው አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ሜትሮው ከእሑድ እስከ ሐሙስ በእነሱ አቆጣጠር ከምሽቱ 11፡30 ላይ ይቆማል፣ ዓርብና ቅዳሜ ሌሊት እስከ 1፡30 ይሠራል። ሥራ ማቆም አድማ ደግሞ የዚህ አገር ልማድ ነው፤ ብዙ ጊዜ ዓርብ ይውላል። በአድማ ቀን እንኳ በማለዳና ከ17 እስከ 20 ሰዓት ድረስ መጓጓዣ እንዲኖር ሕግ ያስገድዳል፤ ቀንሽን በዚያ አስተካክዪ። ከቴርሚኒ ወደ ቫቲካን የሚሄደው 64 ቁጥር አውቶቡስ ላይ ቦርሳሽን ከፊትሽ ያዢ፤ ኪስ አውላቂዎችም የሚወዱት መስመር ነው። ወርቅሽን አዳራሽ ስትደርሺ ነው የምታደርጊው፤ ሜትሮ ውስጥ ለማን ታጌጪያለሽ?

11. መኪና የምትከራዩ ከሆነ መሐል ከተማ ይዛችሁ አትግቡ። የአሮጌው ከተማ መንገዶች ፈቃድ ለሌለው መኪና በብዙ ሰዓት ዝግ ናቸው፤ የሚጠብቀው ፖሊስ ሳይሆን ካሜራ ነው። ሚዜዎች መኪናውን በአበባ አስጊጠው ጡሩምባ እየነፉ ሲገቡ ማንም አያስቆማቸውም፣ እንዲያውም መንገደኛው ያጨበጭባል። ቅጣቱ ከወራት በኋላ፣ በየገቡበት በር ልክ ተባዝቶ፣ መኪናውን በስሙ ለተከራየው ሰው ይመጣል። ያ ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ ሙሽራው ነው።

12. የፎቶውን ቦታ በማለዳ ያዙ። ትሬቪ ፏፏቴ ጋ ጠዋት ፀሐይ ሳትወጣ ካልደረሳችሁ ከሙሽሪት ይልቅ የሰው ጀርባ ነው የሚነሣው። የስፔን ደረጃዎች ላይ ከ2019 ወዲህ መቀመጥ ክልክል ነው፣ ያስቀጣል፤ ቆማችሁ ተነሡ። የእኔን ምርጫ ከጠየቅሽኝ አቬንቲኖ ኮረብታ ላይ ያለው የብርቱካን አትክልት ስፍራ ይበልጣል። በነፃ ነው የሚገባው፣ ጥላ አለው፣ ከጫፉ ላይ ቲቤር ወንዝና የቅዱስ ጴጥሮስ ጉልላት ፊት ለፊት ይታያሉ። የሐበሻ ልብስ ደግሞ በዚያ የማታ ብርሃን ላይ ሌላ ነው።

13. ሌላው ሁሉ ቢቀርብሽ ፖርታ ካፔና እንዳይቀርብሽ። በሜትሮ ቢ መስመር ቺርኮ ማሲሞ ጣቢያ ስትወጪ ፊት ለፊትሽ ትልቅ ነጭ ሕንፃ ታያለሽ፤ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት ነው። መጀመሪያ የተጀመረው ግን ለጣሊያን አፍሪካ ሚኒስቴር ተብሎ ነበር። የአክሱም ሐውልታችንን በ1937 አምጥተው ያቆሙት እዚሁ ፊቱ ላይ ነው። 24 ሜትር ቁመት ያለው ድንጋይ እዚህ የባዕድ አደባባይ ላይ ከ60 ዓመት በላይ ቆሟል። በ2002 መብረቅ መታው፣ በማግስቱ ዓመት አወረዱት፣ በ2005 በሦስት ተከፍሎ በአውሮፕላን ተመለሰ፣ በ2008 አክሱም ላይ እንደገና ቆመ። ዛሬ ቦታው ላይ ሐውልቱ የለም። እኔ እንግዳ ሁሉ የምወስደው እሱ አለመኖሩን እንዲያይ ነው።

ግን ነገሩ በዚህ አያበቃም። ሴፕቴምበር 10 ቀን 1960 ማታ፣ ሐውልቱ ገና እዚያው ቆሞ ሳለ፣ አበበ ቢቂላ በባዶ እግሩ በአጠገቡ አለፈ። ማራቶኑ ከካምፒዶልዮ ኮረብታ ሥር ተነሥቶ፣ ከከተማ ወጥቶ፣ ወታደሮች ችቦ ይዘው ባበሩት በጥንቱ የአፒያ መንገድ ተመልሶ በቆስጠንጢኖስ ቅስት ሥር ነበር የሚያልቀው። አበበና አሠልጣኙ ኦኒ ኒስካነን መንገዱን አስቀድመው ሲያዩ፣ ማፈትለኪያው ይህ ሐውልት ያለበት ቦታ ይሁን ብለው ነበር። እንዳሉትም ሞሮኳዊውን ራዲን እዚህ ጥሎት ሄደ፤ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ፣ በወቅቱ የዓለም ፈጣኑ ጊዜ። ቪያ ዲ ሳን ግሬጎሪዮ በሚባለው መንገድ ከዚያ እስከ ቅስቱ ድረስ አንድ ኪሎ ሜትር አይሞላም። በእግርሽ ሂጂው፤ ኮሎሲየም መጨረሻው ላይ ይቀበልሻል። ደግሞ እወቂ፤ ከተማው የማዘጋጃ ቤት ጋብቻ ከሚያስፈጽምባቸው ቦታዎች አንዱ፣ ቪኞላ ማቴይ የሚባለው አሮጌ ሕንፃ፣ ከዚሁ አደባባይ ጥቂት እርምጃ ነው። የእኛዎቹ ሙሽሮች እዚያ ከተፈራረሙ እድምተኛውን ሁሉ ወደ ቅስቱ በእግር መውሰድ የአንቺ ሥራ ይሁን። ፈረንጅ አስጎብኚ ይህን አይነግራችሁም።

14. ቴርሚኒ ስትደርሺ ደግሞ የቆምሽበትን እወቂ። ጣቢያው ፊት ያለው አደባባይ «የ500ዎቹ» የተባለው በ1887 ዶጋሊ ላይ በራስ አሉላ ጦር ለሞቱት የጣሊያን ወታደሮች ነው፤ መታሰቢያቸውም ከዚያ ትንሽ ራቅ ብሎ የቆመው የግብፅ ድንጋይ ነው። በወረራው ዘመን ከአዲስ አበባ የወሰዱትን የይሁዳ አንበሳ ከሥሩ አስቀምጠውት ነበር፤ እሱም ወደ አገሩ ተመልሷል። በጎውንም ማየት ከፈለግሽ ቫቲካን ውስጥ፣ ከቅዱስ ጴጥሮስ ጀርባ፣ ከ15ኛው መቶ ዘመን ጀምሮ የእኛ መነኮሳት የኖሩበት የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን አለ። የደብረ ሊባኖሱ ተስፋ ጽዮን የግዕዙን ሐዲስ ኪዳን በ1548 ሮም ላይ ማሳተም የጀመረው እዚያ እየኖረ ነው። ያለ ፈቃድ አይገባም፤ ጉልላቱ ላይ ከወጣሽ ግን አትክልቱ መሐል አሻግረሽ ልታዪው ትችያለሽ።

15. የማታ መመለሻሽን ጠዋት ጨርሺ። ብዙው የሰርግ አዳራሽ ከትልቁ የቀለበት መንገድ ውጭ ወይም በፍራስካቲ በኩል ነው፤ ከተማ ውስጥ እስክስታ በእኩለ ሌሊት የሚታገሥ ጎረቤት የለም። ጭፈራው ሲያልቅ ባቡር አይኖርም። አውቶቡስ ተከራይተው እንደሆነ ሚዜዎቹን ጠይቂ፣ መነሻ ሰዓቱንም ያዢ። ሙሽራው ካባውን ሳያወልቅ «አንተ ታደርሰኛለህ አይደል?» እንዳትዪው።

16. መልሱን ሳትበዪ አትሂጂ፣ በልተሽም ወዲያው አትነሺ። ሰው ሁሉ ያን ቀን ሻንጣውን ይዞ ይበተናል፤ ቤቱ ውስጥ የሚቀሩት እናትየውና የተበደረቻቸው ድስቶች ናቸው። የመመለሻ ትኬትሽን አንድ ቀን አሳልፈሽ ቁረጪና ለዚያ ከሰዓት እጅጌሽን ሰብስቢ። ቆሻሻው እዚህ በዓይነቱ ነው የሚጣለው፤ የምግብ ትራፊው ለብቻ፣ ወረቀቱ ለብቻ፣ ላስቲኩና ቆርቆሮው ለብቻ፣ ጠርሙሱ ለብቻ። አጥንትና እንጀራ ያለበትን ከረጢት ላስቲክ ውስጥ ከጣልሽ ጎረቤቶቹ ለአስተዳዳሪው የሚከሱት እሷን ነው። ድስቶቹም የየማን እንደሆኑ ክዳናቸው ላይ ተጽፏል፤ ሳታምታቺ አድርሺላት።